"ማን ያውቃል?" የሚል ዓምድ ያለው ደብተር፦ ከለገሃር እስከ ድሬዳዋ

ረቡዕ፣ አዲስ አበባ

የፊታችን ቅዳሜ የጋሼ ሙት ዓመት ነው። ድሬዳዋ፣ አሮጌው የባቡር ግቢ ውስጥ፣ ማንም ሳይከፍላቸው የምድር ባቡርን ዕቃ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። በሕይወት እያሉም ስለ እሳቸው ሲጻፍ ደስ አይላቸውም ነበር። "ዕቃውን ጻፊ፣ እኔን ተይኝ" ይሉኛል። የመጀመሪያውን አከብራለሁ፤ ለሁለተኛው ይቅር ይበሉኝ።

ሙያቸው ቶርኖ፣ ማለትም ብረት በማሽን መቅረጽ ነበር። ዕድሜያቸውን ጋራዡ ውስጥ ብረት ሲያስተካክሉ ኖረው ጡረታ ወጡ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ባቡር ራሱ ቆመ። እሳቸው ግን ቱታቸውን ለብሰው በየማለዳው ወደ ግቢው መሄዳቸውን አልተዉም። ሙዚየም ተባለ አልተባለ ግድ አልነበራቸውም። አንድ ቆርቆሮ ግራሶ፣ ጨርቅ፣ የቁልፍ ዘለላና ደብተር ካለ ቀኑ ይሞላላቸዋል።

ነገ በአዲሱ ባቡር እሄዳለሁ። ዛሬ ለገሃር ጎራ አልኩ። ቀላል ባቡሩ በላይ ያልፋል፣ ዙሪያው በግንባታ ተወጥሯል፤ የጥንቱ ጣቢያ ግን ቆሟል። ሀዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሕንፃው የተመረቀው ደግሞ በ1922። ፊት ለፊቱ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አለ። ለ1923ቱ የንግሥ በዓል የቆመ ነው። ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወሰደው። ዘርዓይ ደረስ ሮም ላይ ጎራዴ የመዘዘው እሱን አይቶ ነው ይባላል። ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ እዚሁ ቆመ።

ጋሼ ስለዚህ አንበሳ ሲያወሩ ይስቁ ነበር። "ከምድር ባቡር አካባቢ ተወስዶ የተመለሰ ዕቃ እሱ ብቻ ነው" ይላሉ። ቀልድ ይመስላል። ግን ከግቢው የጠፋውን ናስ፣ ሰዓት፣ ፋኖስና ደወል አንድ በአንድ በጣታቸው ሲቆጥሩ ሰምቼ ስለማውቅ ሳቁ ብዙም አይመጣልኝም።

ሐሙስ፣ በባቡር

ከፉሪ ለቡ በጠዋት ተነሳን። ይኼ ጣቢያ ከከተማው መውጫ ላይ ነው፤ መሄጃ ሰዓታችሁን በደንብ አስቡበት፤ መታወቂያም አትርሱ። አዲሱ መስመር የተመረቀው መስከረም 2009 ላይ ነው። በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። መስኮቱ ሰፊ፣ ወንበሩ ቀጥ ያለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ቢሾፍቱ ሳንደርስ ፌስታሏን ፈታ ቆሎ ዘረጋችልን። ሞጆና አዳማን በጨዋታ አለፍናቸው።

ጋሼ በአዲሱ ባቡር ላይ ቂም አልነበራቸውም። ብዙ ሰው እንዲያማርሩ ይጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን የሚጠይቁት ስለ ሀዲዱ ነው። የአሮጌው ስፋት 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ነው። አንዴ መሬት ላይ በእንጨት ሁለቱንም ስለውልኝ ነበር። ጠባቡ ሀዲድ ገደል ለገደል በጠባብ ኩርባ ይታጠፋል፣ ወጪውም ይቀላል። ሰፊው ኩርባ አይወድም፤ ስለዚህ ኮረብታውን ቆርጦ፣ ሸለቆውን በድልድይ ተሻግሮ ቀጥ ይላል። "እኛ ተራራውን እየለመንን እናልፍ ነበር። እነዚህ ሳያስፈቅዱ ነው የሚያልፉት" አሉኝ። ዛሬ በመስኮት ሳይ ነገሩ ገባኝ። አሮጌው ሀዲድ አንዳንድ ቦታ ከጎናችን ብቅ ይላል፣ ከዚያ ዞሮ ይሰወራል። አንዳንዱ ጋ አፈር በልቶታል። አንዳንዱ ጋ ደግሞ ብረቱ ራሱ የለም።

ታሪኩን ባጭሩ ልበለው። አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ የተጀመረው በ1890። ሐሳቡ ሐረር ለመግባት ነበር። ተራራው ለባቡር የሚቻል አልሆነም፣ ገንዘቡም አልበቃም። ስለዚህ ሀዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ። በ1895 ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። መጀመሪያ ላይ አዲስ ሐረር ተብሎ ነበር፤ ስሙ አልጸናም። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተተካ፣ አዲስ አበባ ለመድረስ ገና ብዙ ዓመት ፈጀ። ጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ነው።

መተሐራ ላይ የሸንኮራው አረንጓዴ፣ አጠገቡም የበሰቃ ሐይቅ። ይኼ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ አሮጌውን ሀዲድና አስፋልቱን ሲያስቸግር ኖሯል። ፈንታሌ ተራራ በስተግራ ቆሞ ያያል። አዋሽ ስንቃረብ ሁላችንም ወደ መስኮቱ ተጠጋን። በድሮው ጊዜ ባቡር በሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። አዋሽ ያለው አሮጌ የባቡር ሆቴል የዚያ ዘመን ነገር ነው።

አዋሽ ሌላም ነገር አለ። በጥር 1977 ዓ.ም. እዚህ አካባቢ ባቡር ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ገደል ገባ። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ከከፉት አንዱ ነው። ጋሼን ስለዚያ ቀን ጠይቄያቸው ነበር። ሌላ ጊዜ ለአንድ ብሎን ግማሽ ሰዓት የሚያወሩት ሰውዬ "ኩርባው ላይ ፍጥነት መቀነስ ነበረበት" ብለው ጨርቃቸውን አነሱ። ደግሜ አልጠየቅኩም።

ከሚኤሶ በኋላ ያለው ረጅም ነው። ግራር፣ ግመል፣ ሙቀት፣ እንቅልፍ። አዲሱ የድሬዳዋ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ባጃጅ ይዤ ከዚራ ገባሁ።

ዓርብ፣ ድሬዳዋ

ጠዋት ፈጢራ በላሁ። ድሬ ገብቶ ፈጢራ ያልበላ ሰው ምን ሲሠራ እንደዋለ አላውቅም። ከዚያ በከዚራ ጥላ ጥላውን ወደ ጣቢያው። ሰፈሩን የባቡሩ ሰዎች በቀጥታ መስመር ያሰመሩት ነው፣ አይጠፋባችሁም። ከደቻቱ ማዶ ያለው መጋላ ግን ራሱን እንደፈለገ የሠራ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ይኼ ደረቅ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ብዙ ሰው ገድሏል። ይህን የማነሳው ለጋሼ ሥራ ስለሚያስፈልግ ነው።

"ድሬ ዝናብ የለም" ሲባል ይናደዳሉ። ዝናቡ ጥቂት ነው፤ ሲመጣ ግን ባንዴ ነው የሚመጣው። ጣራው ከተበሳ ፉርጎው ውስጥ ያለው እንጨት በአንድ ክረምት ያብጣል፣ በበጋው ሙቀት ይሰነጠቃል፣ የቀረውን ምስጥ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ለጋሼ የመጀመሪያው ሥራ ሞተር ማስነሳትም፣ ቀለም መቀባትም አልነበረም። ጣራ ነው። መሰላል ይዘው፣ ያረጀ ቆርቆሮ ለምነው፣ ቀዳዳ ሲደፍኑ ይውላሉ። አንድ የውጭ አገር ጎብኚ ዝገቱን ከየአቅጣጫው ፎቶ ሲያነሳ አይተው "እሱ የወደደው እኔ የምጠላውን ነው" ማለታቸውን አልረሳም። እኔም ብሆን "ውብ ዝገት" የሚል የፎቶ መግለጫ ሳይ ሆዴን ይቆርጠኛል።

ሁለተኛው ጠላታቸው ቁራሌው ነው። ብረት በኪሎ በሚሸጥበት አገር የባቡር ዕቃ መጠበቅ ቀልድ አይደለም። የናስ መያዣዎችን፣ ትንንሽ ደወሎችን፣ የፋኖስ ክዳኖችን ከየፉርጎው ፈትተው አንድ ክፍል ውስጥ ቆለፉባቸው። ግን ሲፈቱ ዝም ብለው አይፈቱም። መጀመሪያ ከነቦታው ቁጥሩን ይጽፋሉ፣ በሽቦ መለያ ያስሩበታል፣ ከዚያ ነው የሚነካው። "ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ዕቃ ለቁራሌው የተዘጋጀ ዕቃ ነው" ይሉ ነበር። አንዴ የሰፈር ወጣቶች ለበዓል አንድ አሮጌ ፉርጎ ቀለም ሊቀቡ ተነሱ። ጋሼ በሩ ላይ ቆሙባቸው። ቀለሙን ስለሚጠሉ አይደለም። ከሥር የነበረው የማዕረጉና የፉርጎው ቁጥር ገና አልተገለበጠም ነበር። ልጆቹ ተኮራርፈው ሄዱ፤ በሳምንቱ ግን ቁጥሩን ራሳቸው በእርሳስ ገልብጠው አመጡላቸው።

ዛሬ ፈቃድ ጠይቄ ገባሁ። ያስገባኝ የጋሼ የልብ ወዳጅ፣ ጡረታ የወጡ ኮንትሮለር ናቸው። ሐጂ እላቸዋለሁ። ጋራዡ እንዳለ ነው። ከላይ ረጅሙ ዘንግ፣ ከዘንጉ ወደ እያንዳንዱ ማሽን የሚወርደው ቺንጋ (ማሽኑን የሚያዞረው ቀበቶ)፣ ከሥር ቶርኖዎቹ። ፈረንሳዮቹ ሲተክሉት የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር። ዛሬም ሽማግሌዎቹ መፍቻ ሲጠያየቁ ግማሹ ፈረንሳይኛ፣ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ስድቡ ብቻ አማርኛና ኦሮምኛ።

ጋሼ ማሽኖቹን በየሳምንቱ በእጃቸው ትንሽ ያዞሯቸው ነበር። ለምን ብዬ ጠይቄያለሁ። ከባድ ዘንግ አንድ ቦታ ላይ ለዓመታት ሲተኛ ቅባቱ ከሥሩ ይሸሻል፤ ኩሽኔታው በዚያው በኩል ይበላል፣ ዝገትም ይይዘዋል። ስለዚህ ትንሽ ዞር ማድረግ፣ ግራሶ መመለስ፣ የተወለወለውን ፊት በዘይት ጨርቅ ማበስ። ይኼን የሚያደርጉት ማሽኑ ነገ ሥራ ላይ ይውላል ብለው አይመስለኝም። ቆይ፣ ምናልባት ብለውም ይሆናል።

ደብተሩን ያየሁት ከሰዓት ነው። ብዙ ሰምቼበት ነበር፣ እጄ ገብቶ ግን አያውቅም። ትልቅ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው የሒሳብ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ገጽ አራት ዓምድ አለው። ቁጥር። ዕቃው። ከየት መጣ። የመጨረሻው "ማን ያውቃል?" ይላል።

ለምሳሌ በእጅ እየተዘወረ የሚደወል የጣቢያ ስልክ አለ፤ ከአፍደም የመጣ ነው። በአራተኛው ዓምድ የሁለት ሰው ስምና ስልክ ተጽፏል፤ በዚያ ስልክ የሠሩ ሰዎች ናቸው። የሀዲድ ቁራጭ አለ። ሀዲድ ጎኑ ላይ የሠሪውን ስምና የተመረተበትን ዓመት ይዞ ስለሚመጣ ሦስተኛው ዓምድ ቀላል ነበር። አራተኛው ግን "ከኤረር እስከ ሁርሶ ያለውን ያነጠፈው ቡድን አለቃ" ይልና ስሙን ይጽፋል። የካርቶን ቲኬት ላይ ቀን የምታትም ትንሽ ማተሚያ አለች። ከአጠገቧ የአንዲት ሴት ስም፣ በቅንፍ "ጣቷን አንዴ ቆርጧታል፣ ስለዚህ በደንብ ታውቃለች" ይላል።

አንዳንዱ ስም ጎን ትንሽ መስቀል አለ፣ አንዳንዱ ጎን ትንሽ ጨረቃ። ለሞተ ክርስቲያን መስቀል፣ ለሞተ ሙስሊም ጨረቃ። ሰውዬው ከመሞቱ በፊት ጋሼ ሄደው ከተማሩት ደግሞ ከሥሩ የራሳቸውን ስም ይጨምራሉ። ደብተሩን ወደ ኋላ ባገላበጥኩ ቁጥር ጨረቃና መስቀሉ እየበዛ፣ የእሳቸው ስም እየበዛ ይሄዳል። በመጨረሻዎቹ ገጾች አራተኛው ዓምድ ላይ ያለው ስም አንድ ብቻ ነው።

"መስቀሉን ማን ያድርግባቸው?" አልኳቸው ሐጂን።

"አቦ፣ እኔ አላደርግም" አሉ። "ሌላ ስም ሳይገባበት ምልክት ከተደረገ ዕቃው አብሮ ሞተ ማለት ነው።"

ቅዳሜ

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ቤታቸው ጸበል ጻዲቅ። ድንኳኑ ሥር የተቀመጠው ግማሹ ሙስሊም ነው። ድሬ እንዲህ ናት፣ ማንም አልገረመውም። የጡረተኞቹ ጠረጴዛ ላይ አማርኛው ሳያልቅ ኦሮምኛው፣ ኦሮምኛው ሳያልቅ ሶማሊኛው ይቀጥላል።

ጨዋታው መጀመሪያ ስለ ኮንትሮባንድ ነበር። ጨርቁን የት እንደሚደብቁ፣ ሴቶቹ ሻጮች ፈታሾቹን እንዴት እንደሚሸውዷቸው። ስለ ሊቶሪናዋ፣ ስለዚያች ፈጣን የመንገደኛ ባቡር፣ ፍጥነት ተከራከሩ፤ ሁለት ሽማግሌዎች በቁም ሊጣሉ ደረሱ። እኔ የጠበቅኩት ስለ ጋሼ ነው። በመጨረሻ አንዱ አብሮ አደጋቸው ጀመረ።

ጋራዡ በተለማማጅነት ሲገቡ ቶርኖ አጠገብ አላስደረሷቸውም። ሞረድና አንድ ቁራጭ ብረት ሰጧቸው። ስድስቱም ፊት እኩል፣ ማዕዘኑ ሁሉ ቀጥ ያለ እንዲሆን በእጅ መሞረድ ነው። አለቃው በማዕዘን መለኪያ ያየዋል፣ ብርሃን በሥሩ ካለፈ "አይሆንም" ብሎ ይመልሳል። ብረቱ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። "የእሱ እንደ ስኳር አንኳር እስክታክል ነው የሞረዳት" አለ ሰውዬው፤ ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ያቺን ብረት ጋሼ አልጣሏትም። መሳቢያቸው ውስጥ ነበረች፣ ትናንት አይቻታለሁ። በደብተሩም ቁጥር አላት። ከየት መጣ በሚለው ሥር "ከእልህ" ብለው ጽፈዋል።

አንድ ዘመድ ለመታሰቢያ ሰሌዳ እናሠራ፣ በስማቸው ክፍል ይሰየም አለ። አንዳንዱ ደስ አለው። እኔ አልመሰለኝም። እብነ በረዱ በሚፈጀው ገንዘብ ስንት ቆርቆሮ እንደሚገዛ ጋሼ ቢኖሩ ቁጭ ብለው ያሰሉት ነበር። ሐጂም የተናገሩት ይህንኑ ነው። ለጊዜው ጣራው ይቅደም ተባለ፤ መዋጮ ተጻፈ። ሰሌዳው የሚለውም ሰው አልተቀየመም፤ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ እኔ አለ።

እሑድ

ዛሬ ግቢው ውስጥ አንዲት የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ነበረች። ጋሼ በመጨረሻዎቹ ወራት ሲያስተምሯት የነበረች ልጅ ናት። ከቦርሳዋ የሞረደችውን ብረት አውጥታ አሳየችን። ሐጂ በመለኪያ ሳይሆን በዓይናቸው አዩና "ከእሱ ትበልጣለች፣ ገና ብዙ ብረት ተርፏታል" አሏት።

ጡረተኞቹ መጥተው ነበር። ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ገጽ በገጽ ማየት ጀመሩ። ትኬት ማተሚያዋን የምታውቀው እናት አሁንም በሕይወት አሉ፤ ስልካቸው ስለተቀየረ አዲሱ ተጻፈ። የፋኖሱን ቀይና አረንጓዴ መስታወት አገባብ አውቃለሁ ያሉ አንድ ሰው ተነሱ፣ እንዲያሳዩ ተጠየቁ፣ ገለበጡት። ስማቸው አልገባም። አኩርፈው ሁለተኛ ሞከሩ። ገባ።

ከዚያ ትንሿ ቶርኖ። በአራተኛው ዓምድ የጋሼ ስም ብቻ ነው ያለው። ልጅቷን "ነይ" አሏት። ፈራች። ግራሶውን አየች፣ ቺንጋውን በእጇ ሳበች፣ መቁረጫውን አጠበቀች። ሞተሩ ሲነሳ ቺንጋው ሸርተት ብሎ ወጣ። ሁሉም ባንዴ መመሪያ ሰጣት፣ ማንንም አልሰማችም። አጥፍታ፣ መልሳ አስገብታ፣ ቀጥ ማለቱን አይታ እንደገና አስነሳች። ያዘ። አንዲት የናስ ቀለበት ቆረጠች፤ ናሱ እንደ ፀጉር እየተጠቀለለ ወረደ። ሐጂ ቀለበቷን ተቀብለው አገላበጡ፣ በጥፍራቸው ጠርዟን ሞከሩ።

ወደ ደብተሩ ተመለሱ። የልጅቷን ስም ከጋሼ ስም ሥር ጻፉ። ከዚያ ለጋሼ ስም መስቀል ሊያደርጉ ሞክረው እጃቸው ስላልሆነላቸው እኔን አስደረጉኝ።

ልጅቷ ጠጋ ብላ አየች። "በእርሳስ ነው እንዴ የጻፉኝ?"

"አዎ" አሉ ሐጂ። "ቀለበቷ ትንሽ ወላለች። ሳምንት ሌላ ቁረጪና እስክሪብቶ እናመጣለን።"